ለ35 ሰው አማካሪ ድርጅት የዕውቀት ማከማቻ ሶፍትዌር ስለመምረጥ፦ ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ የባለሙያ ምላሽ

የቀረበው ጥያቄ በአጭሩ ይህ ነው። ጠያቂው 35 ሠራተኞች ባሉት የግንባታ ቁጥጥርና የማማከር ድርጅት ውስጥ ይሠራሉ። ከሠራተኞቹ ግማሽ ያህሉ አዲስ አበባ ቢሮ፣ የቀሩት በክልል ሳይቶች ላይ ናቸው። ሰነዶቻቸው በቴሌግራም ግሩፖች፣ በጉግል ድራይቭ፣ በየግለሰቡ ላፕቶፕና ፍላሽ ተበታትነዋል፤ ሁለት ነባር መሐንዲሶች ከለቀቁ ወዲህ ደግሞ የቆዩ ውሳኔዎች ለምን በዚያ መልክ እንደተሰጡ የሚያስረዳ ሰው ጠፍቷል። ሥራ አስኪያጁ አንድ ሶፍትዌር መርጠው እንዲያቀርቡ ስላዘዟቸው፣ ከኮንፍሉወንስ፣ ከኖሽን፣ ከሼርፖይንት እና በራስ ሰርቨር ላይ ከሚጫን ነፃ ዊኪ (ሠራተኞች አብረው የሚጽፉትና የሚያርሙት የገጾች ማከማቻ) የቱ እንደሚሻል፣ የቴሌግራም ግሩፖቹንም መዝጋት ይገባ እንደሆነ ይጠይቃሉ።

መደምደሚያዬን አስቀድሜ ልንገርዎ። በገለጹት ሁኔታ እኔ የምመርጥልዎ በአገር ውስጥ ሰርቨር ላይ የተጫነ፣ ቡክስታክ የተባለ ነፃ ዊኪ ነው፤ ድርጅቱ አሁን ለማይክሮሶፍት 365 የሚከፍል ከሆነ ግን ሌላ ነገር ሳትገዙ በአብዛኛው አብሮት የሚመጣውን ሼርፖይንት በወጉ ማደራጀት ይበቃችኋል። ይህን ግን በእኔ ቃል ብቻ እንዲቀበሉት አልፈልግም፤ በራስዎ ሰነዶችና በራስዎ ሰዎች የሚፈትኑበትን መንገድ ከዚህ በታች በዝርዝር አስቀምጣለሁ።

ሻጮችና የማስተዋወቂያ ቪዲዮዎች አዘውትረው የሚያሳዩት ገጽ መጻፍ፣ ማስዋብና ለሌሎች ማጋራት ምን ያህል ቀላል እንደሆነ ነው። የእናንተ ችግር ግን የመጻፍ ሳይሆን የማግኘት ነው፤ ከገለጻዎ እንደተረዳሁት ሪፖርቱም፣ ደብዳቤውም፣ ስሌቱም ተጽፏል፣ በተፈለገ ሰዓት ግን አይገኝም። ይህ ችግር የአቅም ማነስ ያመጣው እንዳይመስልዎ። የአሜሪካው የጠፈር ድርጅት ናሳ ካለፉ ፕሮጀክቶች የተገኙ ትምህርቶችን የሚያከማች የራሱ ሥርዓት ነበረው፤ ሆኖም የድርጅቱ ዋና ኢንስፔክተር ቢሮ እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጣው የኦዲት ሪፖርት፣ የፕሮጀክት ኃላፊዎች ሥርዓቱን የሚያማክሩትም ሆነ ትምህርት የሚጨምሩበት ከስንት አንዴ መሆኑን አረጋግጧል። ሶፍትዌሩ ተገዝቶ፣ ሰነዱም ገብቶ፣ ፈላጊ ግን አልነበረውም።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ የሶፍትዌር ዝርዝር ማውጣት ሳይሆን የጥያቄ ዝርዝር ማውጣት ነው። የቴሌግራም ግሩፖቻችሁን ወደ ኋላ ሁለት ወር ያህል ይመልከቱና ሠራተኞች እርስ በርስ የተጠያየቁትን 20 ያህል እውነተኛ ጥያቄ በተጠየቀበት ቃል ይገልብጡ፤ የፊደል ግድፈቱን እንኳ አያርሙ፣ ለፍለጋ ፈተናው ይጠቅማልና። ከሞላ ጎደል ሦስት ዓይነት ጥያቄ ያገኛሉ። አንደኛው «የክፍያ ሰርተፊኬት ለማቅረብ የትኛውን ቅጽ እንጠቀማለን?» የሚል የደንብና የቅጽ ጥያቄ ነው። ሁለተኛው «ከዚህ በፊት እንዴት አደረግን?» የሚል የቀድሞ ውሳኔ ጥያቄ ነው። ሦስተኛው «ይህን ማን ያውቃል?» የሚል ነው፤ ለዚህኛው ሶፍትዌር መግዛት አያስፈልግም፣ ማን በየትኛው ፕሮጀክት ላይ ምን እንደሠራ የሚገልጽና በየጊዜው የሚታደስ አንድ ገጽ ይበቃል።

ዋናው ሁለተኛው ነው። ለምሳሌ አንድ ሥራ ተቋራጭ በዝናብ ምክንያት የጊዜ ማራዘሚያ ጠየቀ እንበል። ውሉ የዓለም አቀፉ የአማካሪ መሐንዲሶች ፌዴሬሽን (ፊዲክ) በ1999 ባወጣው የግንባታ ውል ሁኔታዎች፣ በተለምዶ «ቀይ መጽሐፍ» በሚባለው፣ የሚመራ ከሆነ፣ በንዑስ አንቀጽ 20.1 መሠረት ተቋራጩ ሁኔታውን ባወቀ ወይም ማወቅ በሚገባው በ28 ቀን ውስጥ ማስታወቂያ መስጠት ነበረበት፤ ይህ ከመጽሐፉ ይገኛል። ተጠሪ መሐንዲሱ ከሦስት ዓመት በፊት በተመሳሳይ ጥያቄ ላይ የጻፉት ደብዳቤም በአንድ ፎልደር ውስጥ ይኖራል። ነገር ግን 40 ቀን ተጠይቆ ለምን 17 ቀን ብቻ እንደተፈቀደ፣ የየትኛው ጣቢያ የዝናብ መዝገብ ለማነጻጸሪያ እንደተወሰደ፣ አሠሪው መጀመሪያ ለምን እንደተቃወመና በኋላ በምን እንደተስማማ የሚያውቁት የለቀቁት መሐንዲስ ናቸው። ሊያከማቹ የሚገባዎ ይህን ነው፦ ውሳኔውንና ምክንያቱን በአንድ ገጽ የሚያስረዳ ጽሑፍ፣ ደብዳቤውና የስሌት ፋይሉም ከሥሩ ተያይዘው። ጉግል ድራይቭ ብቻውን የማይበቃበትም ምክንያት ይኸው ነው፤ ፋይሉን ይይዛል፣ ምክንያቱ የሚሰፍርበትንና ፋይሎቹን እርስ በርስ የሚያገናኘውን ገጽ ግን በተፈጥሮው አያቀርብም።

አሁን ብዙዎች ከገዙ በኋላ ወደሚደርሱበት ጉዳይ ልግባ፤ እርሱም የአማርኛ ፍለጋ ነው። ከእነዚህ ሶፍትዌሮች በአንዳንዶቹ ውስጥ የእንግሊዝኛ ፍለጋ ቃልን ወደ ሥሩ የሚመልስ ክፍል አለው፤ ነጠላውን ሲፈልጉ ብዙውን ያመጣል። ብዙ ነፃ ሶፍትዌር ለዚህ ሥራ የሚጠቀምበት ስኖውቦል የተባለው መሣሪያ አረብኛን፣ ሂንዲንና ታሚልን ጨምሮ ብዙ ቋንቋዎችን ሲያስተናግድ አማርኛን አያስተናግድም። ስለዚህ ለኮምፒውተሩ «ግዢ»፣ «የግዢ»፣ «ለግዢው» እና «ስለግዢዎች» አራት የማይተዋወቁ ቃላት ናቸው።

የፊደላችን አሠራር ነገሩን ይበልጥ ያወሳስበዋል። አንዳንድ ሶፍትዌር በቃል መካከል ያለውንም ክፍል ስለሚፈልግ «ግዢ» ብለው ሲጽፉ «የግዢ»ን ያመጣልዎ ይሆናል። «ውል» ብለው ሲፈልጉ ግን «ውሉ»፣ «ውሎች» እና «ውላችን» በዚህም መንገድ አይገኙም፤ የመጨረሻው ሆሄ ከ«ል» ወደ «ሉ»፣ «ሎ»፣ «ላ» ተለውጧልና፣ ለኮምፒውተሩ እያንዳንዱ ራሱን የቻለ ሌላ ፊደል ነው። በዚህ ላይ ድምፃቸው አንድ የሆኑ ፊደላት አሉ። በየጨረታ ሰነዱ የማይጠፋውን «የመልካም ሥራ አፈጻጸም ዋስትና» የሚለውን ሐረግ ይውሰዱ፦ አንዱ «ሥራ»፣ ሌላው «ስራ»፤ አንዱ «አፈጻጸም»፣ ሌላው «አፈፃፀም» ብሎ ይጽፋል፤ በዚህ ብቻ አንድ ሐረግ አራት መልክ ይዟል። ለየፊደሉ መለያ ቁጥር በሚሰጠው ዓለም አቀፍ የኮምፒውተር ደረጃ፣ በዩኒኮድ ውስጥ፣ እነዚህ ፊደላት የተለያየ ቁጥር የተሰጣቸው ሲሆን፣ ዩኒኮድ ራሱ ያወጣው መደበኛ የማስተካከያ ሕግም አንድ አያደርጋቸውም። ልዩነቱን የሚያቻችል ነገር ካለ በሶፍትዌሩ ላይ ሰው አስቦበት የጨመረው መሆን አለበት።

ከዚህ የባሰ ግን ብዙ ጊዜ ሳይስተዋል የሚቀር ሌላ ወጥመድ አለ። ማይኤስኪውኤል የተባለው ዳታቤዝ፣ ኢኖዲቢ በሚሰኘው የአከማቸት ዓይነቱ፣ ሌላ ትእዛዝ ካልተሰጠው በስተቀር ከ3 ሆሄ የሚያንሱ ቃላትን በሙሉ ጽሑፍ ፍለጋ ማውጫው ውስጥ አያስገባም። ይህ ልክ የተወሰነው በላቲን ፊደል ሁለት ሆሄ ያለው ቃል ብዙም ትርጉም አይሸከምም ከሚል ግምት ይመስላል። በአማርኛ ግን አንድ ሆሄ ተነባቢውንና አናባቢውን አንድ ላይ ስለሚይዝ «ውል»፣ «ዋጋ»፣ «ሕግ»፣ «ሥራ»፣ «ብር» እና «ቀን» ሁሉም ባለ ሁለት ሆሄ ናቸው። ማስተካከል ይቻላል፤ ቁጥሩን ወደ 2 ዝቅ አድርጎ ዳታቤዙን ማስነሳትና ማውጫውን እንደገና መገንባት ነው። ነገር ግን የአይቲ ባለሙያችሁ ይህን ካላወቀ፣ አንድ አማካሪ ድርጅት «ውል» የሚለውን ቃል መፈለግ የማይችልበት ሥርዓት ሊዘረጋ ይችላል። ቡክስታክ ማይኤስኪውኤል ላይ ቢሠራም የራሱን የቃላት ማውጫ ስለሚያዘጋጅ ይህ ገደብ አይነካውም።

ፈተናውን እንዲህ ያድርጉ። 30 ያህል እውነተኛ ገጾችንና ፋይሎችን ለሙከራ በተከፈተው ሥርዓት ላይ ያስገቡ። ከዚያ ያሰባሰቧቸውን 20 ጥያቄዎች ሰነዶቹን ለማያውቁ ሦስት ሠራተኞች ይስጡ፤ አንዷ ከሒሳብ ክፍል፣ አንዱ አዲስ ተቀጣሪ መሐንዲስ፣ አንዱ ደግሞ ሳይት ላይ ሆኖ በስልክ የሚፈልግ ቢሆን መልካም ነው። አጠገባቸው ቁጭ ብለው በየትኛው ቃል እንደፈለጉ ብቻ ይመዝግቡ፤ አይርዷቸው። በተጨማሪ «ሥራ»ን በሁለቱም አጻጻፍ፣ «ውል»ን ለብቻው፣ እንዲሁም ከአራት ነጥብ ወይም ከነጠላ ሰረዝ ጋር ተጣብቆ የተጻፈ ቃል ይፈልጉ፤ አንዳንድ ሶፍትዌር የእኛን ሥርዓተ ነጥብ እንደ ፊደል ቆጥሮ ከቃሉ ጋር ያጣብቀዋልና። አንድ ገጽም ወደ ፒዲኤፍ ይላኩ፤ ተገቢው ፎንት ካልተጫነ የአማርኛ ፊደላቱ ባዶ ሳጥን ሆነው ይወጣሉ።

ከሚፈትኗቸው መካከል ይህን ሁሉ ያለ እንከን የሚያልፍ ስለማያገኙ፣ የሚመርጡት ሶፍትዌር በእያንዳንዱ ገጽ ላይ ቋሚ መለያ ቃላትን ለማስፈር የሚፈቅድ መሆን አለበት። አንድ ሰው ለሁሉም የሚሆን የ100 ያህል ቃላት ዝርዝር ያዘጋጅ፦ «ውል»፣ «የጊዜ ማራዘሚያ»፣ «የዋጋ ማስተካከያ»፣ «ቅድመ ክፍያ»፣ «ቫሪየሽን» (የሥራ ለውጥ) እያለ፣ በተስማማችሁበት አንድ አጻጻፍ። ገጹ ውስጥ ቃሉ በምንም መልክ ቢረባ፣ መለያው ሁልጊዜ በዝርዝሩ ያለው ቃል ይሆናል። እንግሊዝኛውንም መጨመር አይዘንጉ፤ ሳይት ላይ ያለ መሐንዲስ «የጊዜ ማራዘሚያ» ከማለት ይልቅ የእንግሊዝኛውን ምህጻር መጻፉ አይቀርም።

ስለ አሮጌ ሰነዶችም አንድ ነገር ልበል። ከዩኒኮድ በፊት በነበሩት የቪዥዋል ግዕዝና የመሳሰሉት ፎንቶች የተጻፉ የዎርድ ፋይሎች ካሏችሁ፣ በዓይን አማርኛ ሆነው ቢታዩም ለፍለጋ የተዘበራረቀ የላቲን ፊደል ናቸው፤ ወደ ዩኒኮድ መቀየር አለባቸው። ስካን የተደረጉ ደብዳቤዎችም ሥዕል እንጂ ጽሑፍ አይደሉም። ቴሰራክት የተባለው ነፃ የጽሑፍ ማንበቢያ አማርኛን ያነባል፤ ንጹሕ ኅትመት ላይ ደህና ነው፣ ማኅተም ያረፈበትና በእጅ የተጻፈበት ላይ ግን ብዙ አይተማመኑበት። ለእነዚህ የደብዳቤ ቁጥሩን፣ ቀኑን፣ ላኪውንና ጉዳዩን በገጹ ላይ በእጅ መጻፍ ይሻላል። ቀኑን በተመለከተ፣ እነዚህ ሶፍትዌሮች የሚመዘግቡት በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ስለሆነ፣ ደብዳቤው የወጣበትን የኢትዮጵያ ቀን ራሱን አስችለው በጽሑፍ ያስፍሩ፤ የበጀት ዓመታችሁ ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ከሆነ ሰው የሚፈልገው «የ2015 በጀት ዓመት» ብሎ ነውና።

ቀጥሎ ሶፍትዌሩ የት ይቀመጥ የሚለው ነው። ክላውድ ላይ ያለ አገልግሎት ባክአፑንም፣ ጥገናውንም፣ ደኅንነቱንም ይሸከምልዎታል፤ ለትንሽ ድርጅት ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሆኖም ክፍያው በዶላር ነው። ለማስላት ያህል በሰው በወር 6 ዶላር ብንወስድ፣ 35 ሰው በዓመት 2,520 ዶላር ይሆናል። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ከማድረጉ በፊት፣ ዶላር በ57 ብር ገደማ ሳለ፣ ይህ ወደ 144 ሺህ ብር ነበር፤ በዚያው የፈረንጆች ዓመት መጨረሻ ዶላሩ ከ120 ብር በላይ ሲደርስ ያው አገልግሎት ከ300 ሺህ ብር በላይ ሆነ። ሠራተኛ አልጨመረም፣ ገጽ አልጨመረም። ከዋጋውም በላይ የሚያሳስበው ክፍያውን በየወሩ በዓለም አቀፍ ካርድ ሳያቋርጡ መፈጸም መቻላችሁ ነው። ካርዱ የአንድ ግለሰብ፣ ለምሳሌ ውጭ አገር ያለ የባለቤቱ ዘመድ ከሆነ፣ የድርጅቱን ማኅደር በዚያ ሰው የባንክ ሒሳብ ላይ አንጠልጥላችሁታል ማለት ነው።

በራስ ሰርቨር መጫን ደግሞ የራሱ ዋጋ አለው። ቡክስታክም ሆነ ሌላው ነፃ ዊኪ ዶኩዊኪ ለ35 ሰው በመጠነኛ ኮምፒውተር ላይ ያለ ችግር ይሠራሉ፤ ላይሰንስም አይከፈልባቸውም። ነገር ግን ሰርቨሩን ቢሮ ውስጥ ካስቀመጡት፣ አዲስ አበባ መብራት ሲጠፋ ሳይት ያለው ሰው ያለ ማኅደር ይቀራል። ግማሹ ሠራተኛ ከቢሮ ውጭ ስለሆነ፣ ከአገር ውስጥ አቅራቢ፣ ለምሳሌ ከኢትዮ ቴሌኮም የክላውድ አገልግሎት፣ ቦታ ተከራይተው በብር መክፈሉ ለእናንተ የተሻለ ይመስለኛል። ማሻሻያዎችን የሚጭንና ባክአፕ የሚከታተል ሰው በስም መመደብ አለበት። ባክአፕ ስል ፋይሉ በየሌሊቱ መቀዳቱን ብቻ አይደለም፤ በሌላ ኮምፒውተር ላይ ተመልሶ መከፈቱ በየሩብ ዓመቱ መሞከር አለበት። እንዲህ ያለውን ሰው መመደብ የማትችሉ ከሆነ፣ ዶላሩ ቢያምም ክላውድ ይሻላችኋል።

የግል መረጃ ጉዳይም ከዚሁ ጋር ይያያዛል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ የሰዎችን የግል መረጃ ወደ ሌላ አገር ማስተላለፍ በሕግ በተቀመጡ ሁኔታዎች የሚመራ ሲሆን፣ አፈጻጸሙን የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። የቴክኒክ ገጾቻችሁ አብዛኞቹ ከዚህ ውጭ ናቸው፤ የሠራተኞች ማኅደር፣ ደመወዝ፣ የካሳ ተከፋዮች ስምና ይዞታ ግን በውስጡ ይወድቃሉ። እነዚህን ከዕውቀት ማከማቻው አስቀድሞ ማስወጣቱ ከሁሉ ይቀላል። ለቀረው የሕግ አማካሪያችሁን ይጠይቁ።

የፈቃድ አሰጣጥን በተመለከተ ብዙ ድርጅት ይሳሳታል ብዬ አምናለሁ፤ ሁሉን ነገር በየክፍሉ ይቆልፋል። የጨረታ ዋጋ ማቅረቢያችሁና የግል መረጃ ይቆለፍ፤ የቀረው ለሁሉም ሠራተኛ ክፍት ይሁን። የተቆለፈ ገጽ በፍለጋ አይመጣም፣ ፈላጊው ደግሞ የለም ብሎ ያልፋል። ሚዲያዊኪን፣ የውክፔዲያ ሞተር በመሆኑ ዝነኛ ቢሆንም፣ ለእናንተ የማልመክረው በዚሁ ምክንያት ነው፤ የተሠራው ሁሉም ሰው ሁሉን እንዲያነብ ታስቦ ስለሆነ ጥቂት ገጾችን ብቻ ከአንዳንድ ሰው ለመደበቅ አይመችም።

ስለ ሌሎቹ በአጭሩ። ኮንፍሉወንስ የበሰለ ምርት ነው፤ የክላውዱ ነፃ እርከን ግን ለ10 ሰው ብቻ ነው። በድርጅቶች የራስ ሰርቨር ላይ ይጫን የነበረው መደበኛ ዓይነቱ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 15 ቀን 2024 ተቋርጧል፤ በእርሱ ላይ የነበሩ ሁሉ ወይ ወደ ክላውድ ወይ ለትልልቅ ድርጅቶች ወደተዘጋጀው ውድ ዓይነት መሸጋገር ግድ ሆኖባቸዋል። ኖሽን ለመጻፍ ደስ ይላል፣ ወጣት ሠራተኞችም በፍጥነት ይለምዱታል፤ በራስ ሰርቨር ላይ ግን አይጫንም፣ ነፃነቱም ሲበዛ እያንዳንዱ ሰው የራሱን ቤት ይሠራበትና በዓመቱ መንገዱ ይጠፋል። ሼርፖይንት በጥሬው አስቸጋሪ ነው፣ ሥርዓት የሚያስይዝ ሰው ይፈልጋል፤ ጥቅሙ የዎርድና የኤክሴል ፋይሎቻችሁ ውስጥ ገብቶ መፈለጉ፣ የቀድሞ ቅጂዎችን መያዙ፣ ከሁሉም በላይ ምናልባት አሁን እየከፈላችሁበት መሆኑ ነው።

ዶኩዊኪ ዳታቤዝ አያስፈልገውም፤ እያንዳንዱን ገጽ በተራ የጽሑፍ ፋይል ያስቀምጣል፣ ስለዚህ ሶፍትዌሩ ቢበላሽ እንኳ ጽሑፉ በማንኛውም ኮምፒውተር ይከፈታል። ቃሉን በመካከል የያዙ ገጾችንም መፈለግ ይቻልበታል። አንድ ለአማርኛ የሚያስቸግር ጠባይ ግን አለው። ሲጫን ባለው ቅንብር የገጹን ስም ወደ ፋይል ስም ሲቀይር አንዱን የአማርኛ ሆሄ ወደ 9 የላቲን ምልክት ይዘረዝረዋል፤ የሊኑክስ የፋይል ስም ደግሞ ከ255 ባይት ስለማይበልጥ፣ ከ30 ሆሄ በታች ያለ ስም ሳይቀር ሊገደብብዎ ነው። መፍትሔው የፋይል ስም አጻጻፉን ገና ሲጭኑ የአማርኛውን ሆሄ ሳይዘረዝር እንዳለ ወደሚያስቀምጠው ዩቲኤፍ-8 መቀየር ነው፤ ገጾች ከተጻፉ በኋላ መቀየር ያስቸግራል።

ቡክስታክን የማስቀድመው አደረጃጀቱ ለማንም ግልጽ በመሆኑ ነው፦ መደርደሪያ፣ መጽሐፍ፣ ምዕራፍ፣ ገጽ። አንድ ፕሮጀክት አንድ መጽሐፍ ይሆናል፤ የሒሳብ ሠራተኛዋም ሥልጠና ሳትወስድ ትረዳዋለች። መለያ ቃላትን ይቀበላል፣ በመጽሐፍም ሆነ በገጽ ደረጃ ፈቃድ መስጠት ይቻላል፣ ባለ ሁለት ደረጃ መግቢያም አለው። ድክመቱ ከተሰጠው እርከን ውጭ አለመውጣቱ ነው፤ ለ35 ሰው ግን ይህን እንደ ድክመት አልቆጥረውም።

የትኛውንም ቢመርጡ መውጫውን አስቀድመው ይሞክሩ። በሙከራው ጊዜ ያስገቧቸውን 30 ገጾች በሙሉ አውጥተው ኢንተርኔት በሌለው ላፕቶፕ ላይ ይክፈቷቸው፤ ሥዕሎቹና የተያያዙት ፋይሎች አብረው መውጣታቸውን፣ የፋይል ስሞቹ በአማርኛ መነበባቸውን፣ በገጾቹ መካከል ያሉት ሊንኮች መሥራታቸውን ይመልከቱ። የአቅራቢው ትልቅነት ዋስትና አይሆንም፤ ሜታ እንኳ ወርክፕሌስ የተባለውን የድርጅቶች አገልግሎቱን እንደሚዘጋ እ.ኤ.አ. በሜይ 2024 ማስታወቁን ያስታውሱ።

የቴሌግራም ግሩፖቹን አይዝጉ። ሰው የሚጠይቀው እዚያ ነው፤ ቢዘጉት ሌላ ግሩፕ ይከፍታል፣ እርስዎም አይገቡበትም። ይልቅ አንድ ልማድ ይትከሉ፦ በግሩፑ ውስጥ ጥያቄ ተጠይቆ ጥሩ መልስ ሲገኝ፣ ተረኛ የሆነ ሰው በዚያው ሳምንት መልሱን ወደ ገጽ ቀይሮ ሊንኩን ከጥያቄው ሥር ይለጥፍ። ያው ጥያቄ ሲደገም መልሱ ሊንኩ ብቻ ይሁን። ገጹ ላይ መልሱን የሰጠው ሰው ስም ይጻፍ። ዜሮክስ በ1990ዎቹ ለጥገና ባለሙያዎቹ በዘረጋው ዩሬካ በተባለ ሥርዓት ውስጥ የእያንዳንዱ ብልኃት አመንጪ ስም አብሮ ይሰፍር፣ ብልኃቱንም ሌሎች ባለሙያዎች አይተው ያጸድቁት ነበር፤ ሰዎች የሚያውቁትን እንዲያካፍሉ ያደረገው አንዱ ነገር ይህ ነው።

አሁን በየሶፍትዌሩ እየተጨመረ ስላለው በሰው ሠራሽ አስተውሎት መልስ የሚሰጥ ረዳት አልጠየቁኝም፣ ሻጩ ግን ማንሳቱ አይቀርም። ለዚህ ብለው ተጨማሪ አይክፈሉ። ገጾቹ ጥቂትና ያረጁ ሲሆኑ ረዳቱ ያረጀውን በልበ ሙሉነት ይነግርዎታል፤ የውል አንቀጽ ላይ ይህ ገንዘብ ያስወጣል። ሁለት መቶ ያህል የተጣሩ ገጾች ሲኖሯችሁ እንደገና ይመልከቱት።

ለሥራ አስኪያጁ በሚያቀርቡት ማስታወሻ ላይ የሶፍትዌሩን ስም ብቻ ይዘው አይቅረቡ። የሦስት ወር ሙከራ፣ ለአንድ ሰው በሳምንት አንድ ሙሉ ቀን ለገጾች ዝግጅት፣ እንዲሁም በእያንዳንዱ ገጽ ላይ ኃላፊና የሚከለስበት ቀን እንዲሰፍር ፈቃድ ይጠይቁ። ድርጅቱ አይሶ 9001:2015 የተባለውን የጥራት ሥራ አመራር ደረጃ የምስክር ወረቀት የሚፈልግ ከሆነ፣ ደረጃው በቁጥር 7.1.6 ድርጅቱ ለሥራው የሚያስፈልገውን ዕውቀት እንዲለይና እንዲጠብቅ እንደሚያዝ ይጥቀሱ፤ ከእርስዎ ክርክር ይልቅ ይህ ሊሰማ ይችላል። በተጨማሪም ማንኛውም ሠራተኛ ሲለቅ በሚያስፈርመው የንብረት ማስረከቢያ ቅጽ ላይ አንድ መስመር እንዲገባ ያስፈቅዱ፦ በመጨረሻዎቹ ሁለት ሳምንታት ከተተኪው ጋር ተቀምጦ፣ በኃላፊነት በያዛቸው ፕሮጀክቶች ላይ የተሰጡ አከራካሪ ውሳኔዎችን ከነምክንያታቸው ማስመዝገቡን፣ ተተኪውም አንብቦ መረዳቱን የሚያረጋግጥ ፊርማ። ቀደም ብለው የለቀቁት ሁለት መሐንዲሶችም ስልካቸው ካለ፣ ለጥቂት ሰዓት የአማካሪነት ክፍያ ተከፍሏቸው ስለ አምስት ስድስት ዋና ዋና ውሳኔዎች እንዲያስረዱና ገለጻቸው በድምፅ ተቀድቶ ወደ ገጽ እንዲለወጥ ይጠይቁ፤ የሙከራው የመጀመሪያ ገጾች እነዚያ ቢሆኑ እመርጣለሁ።